ሣጥኑን ያላነበበ መምህር

ባለፈው ዓመት የፀጉር መተኮሻ ገዛሁ። መሣቅ የፈለገ ይሣቅ፤ አልቀየምም። ራሴ ላይ የቀረውን ፀጉር የሚያውቁ ወዳጆቼ ቀድመዋችኋል። አንደኛው እንዲያውም ቶሞካ ቆመን ቡና ስንጠጣ «ምኑን ልትተኩስበት ነው? ትዝታውን?» ብሎ ስኒ የያዘ ሰው ሁሉ ወደ እኔ እንዲዞር አድርጓል።

የገዛሁት ለእህቴ ልጅ ነው። ፀጉር ሠሪ ናት። ዶሮ ማነቂያ አካባቢ አንዲት ጠባብ ፀጉር ቤት ነበረቻት፤ ሁለት ካስክ፣ ሦስት ወንበር፣ ጥጉ የተሰነጠቀ አንድ ትልቅ መስታወት። በ2016 ዓ.ም. ሰፈሩ ሲፈርስ እሷም እንደ ሌላው ዕቃዋን አስጭና ወጣች። መስታወቱ በመንገድ ላይ ለሁለት ተከፈለ፤ ካስኮቹ ተረፉ። ጥቂት ወራት ቤት ከዋለች በኋላ ከጊዮርጊስ ወደ ሰሜን ማዘጋጃ በሚወስደው መንገድ፣ አንድ ፎቅ ላይ፣ አንዲት ክፍል ተከራይታ እንደገና ጀመረች።

ፀጉር ቤት ከነዕቃው ይጓዛል። ደንበኛ ግን እንደ ወንበር አይጫንም። የትናንት ጎረቤቶቿ በየከተማው ዳርቻ ተበትነዋል። ከነዚያ ሁሉ መሀል አዲሱን ቦታ ጠይቀው የመጡላት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። አንዷ በመሥሪያ ቤት የምትሠራ፣ ዕድሜዋ ወደ አርባዎቹ የተጠጋ ሴት ናት። በየሁለት ሳምንቱ ቅዳሜ ጠዋት ሁለት ታክሲ ይዛ ትመጣለች። አሁን በምትኖርበት ሰፈር ፀጉር ቤት ጠፍቶ አይደለም። «ፀጉሬን የሚያውቀው ያንቺ እጅ ነው» ትላታለች። ሥራው ካለቀም በኋላ አትሄድም፤ ትቀመጣለች። እነማን የት እንደገቡ፣ ማን እንዳረፈ፣ የማን ልጅ እንደዳረ ይጨዋወታሉ። ሰፈሩ ፈርሶ የቀረው ቁራጭ እዚያ ክፍል ውስጥ ቅዳሜ ጠዋት ይሰበሰብ ነበር ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

እንግዲህ የእህቴ ልጅ የድሮ መተኮሻዋ ሞተባት። እኔም ለአዲሱ ቤቷ ምንም አላበረከትኩም ነበርና «ምን ዓይነት ይሻልሻል?» አልኳት። መጀመሪያ ተግደረደረች፤ ኋላ «ጋሼ፣ ከተገኘማ የእንግሊዙ ጂኤችዲ ነዋ» አለች። ለምን እንደሆነም አስረዳችኝ። የእሱ ሙቀት 185 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ ጸንቶ ይቆያል። ሙቀቱ ወዲያና ወዲህ የሚል መተኮሻ አንዱን ዘለላ ሳያስተካክል ያልፋል፣ ሌላውን ይለበልበዋል። የአንድ ፀጉር ሠሪ ስም ያለው በዚያች ሁለት ጣት በምታህል የጋለች ሳህን ላይ ነው፤ ይህን የነገረችኝ እሷ ናት።

እኔም ስልኬን አወጣሁ። በእኛ ዕድሜ ያለ ሰው ከስልክ ዕቃ ሲገዛ ልክ አዲስ ብስክሌት መንዳት እንደቻለ ልጅ ነው፤ የሚያየው መንገዱን ሳይሆን የሚያየውን ሰው ነው። ቴሌግራም ላይ ከሚነግዱት ብዙ ሱቆች በአንዱ መተኮሻውን አገኘሁት። ፎቶው ያምራል። ጻፍኩ።

«ኦሪጅናል ነው?»

«መቶ ፐርሰንት ኦሪጅናል አባቴ።»

«ዋጋው ለምን ረከሰ?»

«ከዱባይ በጅምላ ስለምናነሳ ነው። ሦስት ፍሬ ብቻ ነው የቀረው።»

11,000 ብር ብሎ የጀመረውን ተከራክሬ 9,500 አደረስኩት። ግማሹን በስልክ ላክሁ። ያን ቀን ማታ ለባለቤቴ ነገሩን ሦስት ጊዜ ሳልነግራት አልቀርም። ትክክለኛው ዕቃ ውጭ አገር 200 ዶላር አካባቢ እንደሚሸጥ ማወቅ የአንድ ደቂቃ ሥራ ነበር። ያን አይቼ ሒሳቡን ብመታው 9,500 ብር የዋጋውን ግማሽ እንኳ እንደማይሞላ ይገባኝ ነበር። ነጋዴ በግማሽ ዋጋ እየሸጠ ትርፍ ካገኘ አንዱ ነገር ውሸት ነው። ግን ሒሳቡን አልመታሁትም። ክርክር ያሸነፈ ሰው ሒሳብ አይመታም።

ዕቃውን የተረከብኩት ጊዮርጊስ፣ ከምኒልክ ሐውልት ፊት ለፊት ነው። ያመጣው ልጅ ሞተሩን እንኳ አላጠፋም። ካፊያ ይጥላል። «ልክፈተው?» አልኩት። «ፋዘር፣ የታሸገ ነው፤ ከተከፈተ መመለስ የለም፤ መጀመሪያ ቀሪውን ይላኩልኝ» አለኝ። ላክሁለት። ሣጥኑን ከካፊያው ለማዳን ኮቴ ውስጥ ከተትኩና ደረጃውን እየዘለልኩ ወጣሁ።

የእህቴ ልጅ ስታየው ዓይኗ እንባ አቀረረ። «ጋሼ፣ እንዴት ይህን ሁሉ ገንዘብ ታወጣለህ!» አለች። ዝም አልኩ።

እስካሁን የሚቆረቁረኝ ያ ዝምታ ነው። ዋጋውን ብነግራት ኖሮ ያኔውኑ ትነቃ ነበር። የሙያዋ ነው፤ ዋጋውን ታውቃለች። 9,500 የሚለውን ቁጥር እንደሰማች ሣጥኑን ታገላብጠው፣ ገመዱን ትፈትሸው ነበር። እኔ ግን ሁለት ሦስት እጥፍ እንዳወጣሁ ታስብልኝ ብዬ አፌን ዘጋሁ። ነጋዴው ሐሰተኛ ዕቃ ሸጠልኝ። እኔ ደግሞ በዚያው ዕቃ ላይ ሐሰተኛ ቸርነት ጨምሬ አስረከብኩ።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ቅዳሜ ጠዋት ያቺ ሁለት ታክሲ የምትይዘው ደንበኛ መጣች። ጨዋታው ደርቷል። ግማሹ ፀጉር ያለችግር ተተኮሰ። ከጆሮዋ በላይ ያለው ዘለላ ላይ ሲደርስ ሽታው ተለወጠ። የእህቴ ልጅ እጇን ስትስብ ዘለላው አብሮ መጣ። መተኮሻው መሀል ተጣብቆ ቀረ፤ ጆሮዋም ጫፉ ላይ ተለበለበ። ሴትየዋ አልጮኸችም። መስታወቱን አየች፤ ነጠላዋን ተከናነበች። «አይዞሽ፣ ዕቃ ነው፤ ያጋጥማል» አለች፤ ቦርሳዋን ከፍታም የተለመደውን ሒሳብ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። አልቀበልም ብትላትም ትታው ወጣች። በሁለት ሳምንቱ አልመጣችም። በወሩም አልመጣችም። ጮኻ፣ ተሳድባ፣ ካሣ ጠይቃ ቢሆን ኖሮ ትመለስ ነበር። ከፍሎ የሄደ ሰው ግን ምን ብለህ ትጠራዋለህ?

ይህን ሁሉ ያወቅሁት ዘግይቼ ነው። የእህቴ ልጅ አልነገረችኝም። የጋሼ ስጦታ አይደል! አንድ ቀን ማበጠሪያ ስፈልግ ከመሳቢያዋ ሥር በፎጣ ተጠቅልሎ አገኘሁት። የተቃጠለ ፀጉር ሽታው አሁንም አለ። እሷ ወለሉን መጥረግ ጀመረች፤ የተጠረገ ወለል።

ዕቃውን ከነሣጥኑ ይዤ ቤቴ ገባሁ፤ መነጽሬንም አደረግሁ። ሥነ ጽሑፍ ባስተማርኩባቸው ዓመታት ለተማሪዎቼ ያልኳቸውን ያህል «ቀስ ብላችሁ አንብቡ» ያለ ሰው ያለ አይመስለኝም። አንድ ጽሑፍ የማን እንደሆነ ሲያጠራጥር ወረቀቱን፣ ቀለሙን፣ የፊደሉን አጣጣል፣ የጸሐፊውን የስሕተት ልማድ ተመልከቱ እል ነበር። በቀይ እስክሪብቶ ያረምኳቸው ሆሄያት ቢደረደሩ ከፒያሳ አራት ኪሎ ይደርሳሉ። እና ሣጥኑ ላይ፣ በትልቁ፣ በወርቃማ ቀለም፣ «ፕሮፌሽናል» የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል ሁለት «ኤስ» ሊኖሩት ሲገባ አንድ ብቻ ነው የነበረው!

ከዚያ ወዲያ ያለው ሁሉ እንደ ደካማ ተማሪ ድርሰት ነው፤ አንዱን ስሕተት ካየህ ሌላው ይከተላል። የእውነተኛው ዕቃ ገመድ ላይ የሚያብረቀርቅ መለያና ተከታታይ ቁጥር ያለው ምልክት ይለጠፋል፤ ቁጥሩንም ከአምራቹ ድረ ገጽ ማመሳከር ይቻላል። የእኔው ላይም ምልክት አለ፤ የሚያብረቀርቀው ግን እንደ ከረሜላ ወረቀት ነው። ቁጥሩን ሳስገባው የማይታወቅ ሆነ። ክብደቱን በእጄ ብመዝነው የልጅ መጫወቻ ነው። ከእህቴ ልጅ ሱቅ በታች የሚሠራ የኤሌክትሪክ ባለሙያ ባለ ሦስት እግሩን ስፒና ፈታልኝ። የእንግሊዝ ስፒና በሕጋቸው መሠረት ውስጡ ፊውዝ አለው፤ ኃይል ሲበዛ ራሱን ሠውቶ ዕቃውንና ቤቱን ያድናል። በእኛው ውስጥ በፊውዙ ቦታ የተቀመጠው ቁራጭ ብረት ነበር። ባለሙያው ብረቷን መዳፉ ላይ አድርጎ «ጋሼ፣ ፀጉር ብቻ በመቃጠሉ ሻማ ያብሩ» አለኝ።

ነጋዴው ዘንድ ደወልኩ። አይነሳም። ስጽፍለት ዘጋብኝ። የእህቴ ልጅ ረዳት፣ ሃያ ዓመት ያልሞላት ልጅ፣ ፎቶውን ራሱን እየሰጡ ከየት እንደመጣ በስልክ መፈለግ እንደሚቻል አሳየችኝ። ያ ያማረ ፎቶ በየአገሩ፣ በየቋንቋው ተበትኖ ተገኘ። በማግስቱም ያው ፎቶ፣ ያው «ሦስት ፍሬ ብቻ ቀረ» የሚለው ቃል በሌላ ስም ወጥቶ አየሁት። ፍሬዎቹ አይቀንሱም። ሕግ ወዳወቀ ወዳጄ ሄድኩ። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ጉድለት ያለበትን ዕቃ የገዛ ሰው በ15 ቀን ውስጥ እንዲለወጥለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት የመጠየቅ መብት እንደሚሰጥ ነገረኝ። ደስ አለኝ። ከዚያ «ደረሰኝ?» አለ። የለኝም። «የሻጩ አድራሻ?» የለኝም። «ስሙስ?» የማውቀው «አባቴ» እያለ የጠራኝ መሆኑን ብቻ ነው። ለነገሩ 15 ቀኑም ካለፈ ቆይቷል።

ዕቃውን የተረከብኩበትን ቦታ ሳስብ ይበልጥ አፈርኩ። ከጣሊያን ወረራ በፊት ትልቁ የአራዳ ገበያ የነበረው እዚያው ጊዮርጊስ ዙሪያ ነው፤ ጣሊያን ነው ገበያውን ወደ ዛሬው መርካቶ ያዞረው። አያቴ በልጅነቷ ያንን ገበያ ደርሳበታለች። ብር ማለት ያኔ ጠገራው፣ የኦስትሪያዋ ንግሥት የማርያ ቴሬዛ መልክ ያለበት ነው። ፊደል ያልቆጠረች ባልቴት ጠገራውን ተቀብላ ወዲያው ወደ መቀነቷ አትከትም። ታገላብጠዋለች። የንግሥቲቱ ጌጥ ላይ ያሉትን ዕንቁዎች ትቆጥራለች፤ ከምስሉ ሥር ያሉት ሁለት የባዕድ ፊደላት አለመጥፋታቸውን ታያለች፤ ያረጀውንና የደበዘዘውን ትመልሳለች። ሻጭ «አታምኚኝም ወይ?» ብሎ አይቀየማትም፤ እሱም ሲቀበል ያንኑ ያደርጋልና። አፄ ምኒልክ በፓሪስ አስመትተው ያስመጡት፣ 1887 ዓ.ም. የሚል የተቀረጸበት የራሳቸው ብር እንኳ ይህን ፈተና በቀላሉ አላለፈም፤ ሰው ጠገራውን ሙጥኝ ብሎ ለብዙ ጊዜ አስቸግሯል።

ነገሩ ደግሞ ሌላ ጉድ አለው። ጠገራው ሁሉ የሚለው 1780 ነው፤ በፈረንጆች አቆጣጠር ንግሥቲቱ የሞተችበት ዓመት። ከዚያ በኋላ በቪየና ብቻ ሳይሆን በለንደን፣ በፓሪስ፣ በቦምቤይም በዚያው ቀን ተመትቷል። ሙሶሊኒ ሊወረን ሲያሰናዳ መምቻውን ከኦስትሪያ ወስዶ ሮም ላይ አስመትቶታል። ታዲያ ኦሪጅናሉ የትኛው ነው? የአያቴ ሰዎች በዚህ አልተጨነቁም። 28 ግራም ገደማ መዘነ ወይ? ከሺው 833 እጁ ንጹሕ ብር የሆነው ጠገራ ነው ወይ? ዕንቁዎቹ ሞልተዋል ወይ? ከሞሉ፣ የተመታበት ከተማ ጉዳያቸው አልነበረም። እኔ ደግሞ በተቃራኒው ስሙን ገዛሁና ውስጡን ሳላይ ቀረሁ። እነሱ ዕንቁ በቆጠሩበት ሜዳ ላይ፣ በካፊያ፣ ሣጥኑን ሳልከፍት ገንዘብ ልኬ ሄድኩ።

እርግጥ ነው፣ የእኛ ብቻ በሽታ አይደለም። የበለጸጉት አገሮች የኢኮኖሚ ትብብር ድርጅት ኦኢሲዲ ከአውሮፓ ኅብረት የአእምሯዊ ንብረት ጽሕፈት ቤት ጋር ባጠናው መሠረት በ2019 እ.ኤ.አ. በዓለም ገበያ የተዘዋወረው ሐሰተኛ ዕቃ 464 ቢሊዮን ዶላር ይገመታል፤ ከዓለም ንግድ ሁለት ከመቶ ተኩል መሆኑ ነው። የፀጉር ዕቃማ ለአስመሳይ የተመቸ ነው። ዳይሰን የተባለው የእንግሊዝ ኩባንያ በ2018 እ.ኤ.አ. ያወጣውን ኤርራፕ የሚባል ፀጉር መጠቅለያ ውሰዱ፤ ዋጋው በመቶዎች ዶላር የሚቆጠር ነው። ቅርፊቱን ማስመሰል ቀላል ነው፤ ሞተሩን ማስመሰል ግን ከባድ ነው። ሞተሩን ደግሞ በፎቶ ማን ያየዋል?

እግረ መንገዴን አንድ ነገር ላንሳ። «ከአሜሪካ ዘመድ ይላክልኝ፣ እሱ አይዋሽም» የምትሉ አላችሁ። ዘመዱ አይዋሽ ይሆናል። ግን የአሜሪካ መብራት 120 ቮልት፣ የእኛ 220 ነው። ለእዚያ ለአሜሪካ ገበያ የተሠራው ኤርራፕ እዚህ አይሠራም። አንዲት የማውቃት ወይዘሮ ከዋሽንግተን በሻንጣ የመጣላትን፣ ያለ ጥርጥር እውነተኛውን፣ ሳሎኗ ውስጥ ከብርጭቆዎቿ ጋር ደርድራዋለች። እንግዳ ሲመጣ ያያል።

አሁን የእህቴ ልጅና እኔ ልማዳችንን ለውጠናል። ከስልክ አንገዛም አላልንም፤ ዓለም የሄደበት ነው፣ ያላየሁት አገር ዕቃም በዚያ ነው የሚታየው። ግን የምንጠይቀው ተለውጧል። «ኦሪጅናል ነው?» የሚለውን ጥያቄ ተውነው፤ እሱን ጠይቆ «አይደለም» የተባለ ሰው አጋጥሞኝ አያውቅም። «አሁን፣ በዚህች ደቂቃ፣ የገመዱን ቁጥር በቪዲዮ አሳየኝ» ነው የምንለው። «ሱቅህ የት ነው፣ መጥቼ ልየው?» እንላለን። እውነተኛው ነጋዴ ሕንፃውንና የሱቅ ቁጥሩን ይነግርሃል፤ ሌላው «ዴሊቨሪ ብቻ ነው የምንሠራው» ይላል። ሳይከፈት፣ ሶኬት ላይ ተሰክቶ ሳይግል አንከፍልም። ሞተሩን ያላጠፋ ልጅ ካጋጠመን «እንግዲያውስ ይቅርብን» ብለን እናሰናብተዋለን። አንድ ሁለቱን በዚህ ዓይነት መልሰናል፤ አንደኛው ተሳድቦ ሄዷል። ይሁን።

ሌላው የተማርነው፣ ታላቅ ስም መፈለግን መተው ነው። የእህቴ ልጅ በመጨረሻ የገዛችው ብዙ ሰው ሰምቶት የማያውቅ የቻይና ዕቃ ነው። በራሱ ስም፣ በራሱ ዋጋ የወጣ። የሸጠላት ነጋዴ ባለ ሱቅ ነው፤ ፊታችን ሰክቶ ለግማሽ ሰዓት ያህል አግሎ አሳየን፣ የስድስት ወር ዋስትና ጻፈ፣ በደረሰኙ ላይ ማኅተሙን አሳረፈ። «እንደ ጂኤችዲ አይሆንም፣ አልዋሽዎትም» አለኝ። ይህን ቃል ከአንድ ነጋዴ አፍ ስሰማ ሌላም ዕቃ በገዛሁ ነበር፤ ግን ፀጉር ቤት ውስጥ የምፈልገው ምን አለ?

የቀረው ከባዱ ነበር። አንድ ማታ የእህቴን ልጅ አስቀምጬ ዋጋውን ነገርኳት። 9,500። ዝምታዬንም ነገርኳት። ጥቂት አሰበች። «ጋሼ» አለች፣ «እኔም እኮ ስይዘው ቀሎኝ ነበር። አንተ ያን ሁሉ አውጥተህበት ምን ልበልህ?» ተያየን። እኔ ለእሷ ስል የዋሸሁትን እሷ ለእኔ ስትል ተሸክማው ነበር፤ ፍዳውን ያየችው ግን ሁለት ታክሲ ይዛ የመጣችው ሴት ናት።

በማግስቱ ደወልንላት። እኔ ነኝ የጠየቅሁ፤ ስልኩን ተቀብዬ ጥፋቱ የእኔ እንጂ የልጅቷ አለመሆኑን አስረዳኋት። ዋጋውን፣ ሣጥኑን፣ የጎደለችውን ፊደል ሳይቀር ነገርኳት። መጨረሻው ላይ ሣቀች፤ የእውነት ሣቅ ይመስላል። ጆሮዋ ድኗል፤ ፀጉሯ ገና ነው። ከዚያ የእህቴን ልጅ ስጪኝ አለች፤ ረዘም አድርገው አወሩ። የማን ልጅ እንደዳረ፣ እነማን የት እንደገቡ።

«መቼ ትመጪያለሽ?» ስትላት ሰማሁ።

ቅዳሜ እመጣለሁ ብላለች፤ ሹሩባ ለመሠራት። እሳት ግን እንዳታስጠጊኝ ብላታለች።